የቴዳ ባራ ፊልሞች የት ገቡ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የቲያትር ተማሪ ነኝ። ስለ ድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ቴዳ ባራ የምትባል ተዋናይት አገኘሁ። በጊዜዋ ስሟ ከቻርሊ ቻፕሊንና ከሜሪ ፒክፎርድ ጋር ይጠራ ነበር ይላሉ። ወደ አርባ ፊልም ሠርታለች። እኔ ግን ማየት የቻልኩት አንዱን፣ የ1915ቱን ብቻ ነው። እውነቱን ልናገርና አልጣመኝም። እጇን ታወናጭፋለች፣ ዓይኗን ታጉረጠርጣለች፣ በቃ። ሌሎቹ ፊልሞች የት ገቡ? ግብፅ ነው የተወለደችው የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞ ድምፅ ሲመጣ ድምጿ ስለማያምር ወደቀች የሚልም አንብቤያለሁ። እንዴት ብዬ ልጻፋት?»

ደህና ሰንብቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራዬ የድሮ ፊልም መጠበቅና መጠገን ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየቀኑ አይመጣልኝምና ካስረዘምኩት ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ቴዳ ባራን ድምፅ አልጣላትም። የመጨረሻ ፊልሟ የወጣው በ1926 ነው። ተናጋሪ ፊልም ዓለምን ያናወጠው ደግሞ በ1927 መጨረሻ ነው። ያኔ እሷ ሥራዋን ትታ ቤቷ ገብታለች። አንድም ተናጋሪ ፊልም ስላልሠራች በድምጿ የምትወድቅበት ዕድሉም አልነበራትም። ደግሞ ከፊልም በፊት የመድረክ ተዋናይት ነበረች። በ1908 በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ ወጥታለች። በ1920ም ተመልሳ ዋና ሆና ተውናለች። በ1936 በአንድ የሬዲዮ ድራማ ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆና ቀርባለች። «ድምፅ ሲመጣ ወደቀች» የሚለው ወሬ ለሁሉም የዚያ ዘመን ተዋናይ የሚለጠፍ ታፔላ ነው። አንዳንዶቹ ላይ እውነት አለው። እሷ ላይ ግን ሒሳቡ አይገጥምም።

የግብፁ ነገር ፈጠራ ነው። ግን ፈጠራው ራሱ የሙያዋ ግማሽ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ትክክለኛ ስሟ ቴዎዶሲያ ጉድማን ነው። በ1885 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ተወለደች። አባቷ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ነው። እናቷ ስዊዘርላንድ የተወለደች ናት። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲም ሁለት ዓመት ተምራ፣ «ቲያትር ወይም ሞት» ብላ ኒው ዮርክ ገባች። ለዓመታት ከቡድን ቡድን ስትዞር ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። «ቴዳ» የቴዎዶሲያ ማቆላመጫ ነው። «ባራ» ደግሞ በእናቷ ወገን ካለው ባራንጀር ከሚል ስም የተቆረጠ።

ከዚያ የፊልም ነጋዴው የዊልያም ፎክስ የማስታወቂያ ሰዎች ደረሱ። የልብስ ሰፊ ልጅ ከሲንሲናቲ ብለው ቢያቀርቧት ማን ትኬት ይገዛል? ስለዚህ ሰሃራ በረሃ ላይ፣ በስፊንክስ ጥላ ሥር ተወለደች አሉ። አባቷ ጣሊያናዊ ቀራፂ፣ እናቷ ፈረንሳዊት ተዋናይት። ከሰው አፅም አጠገብ አስቀምጠው ፎቶ አነሷት። ስሟ በላቲን ፊደል ሲገለባበጥ «የአረብ ሞት» የሚል ቃል ይወጣዋል ብለውም አስወሩ። ፊደሎቹ በእርግጥ ይገጥማሉ። በእኛ ፊደል ግን አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ።

ከሁሉም የምወደው የቺካጎው ታሪክ ነው። እንደሚተረከው ጋዜጠኞች ተጠርተው አንድ ክፍል ገቡ። ክፍሉ በከባድ ከፋይ መጋረጃ ታፍኗል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። እሷ ፀጉራም ካባ ደርባ፣ በቀስታ እያወራች ተቀምጣለች፤ በረሃ ያደገ ሰው ስለሆነች ብርድ አትችልም ተብሏል። ጋዜጠኞቹ ሲወጡ ሉዌላ ፓርሰንስ የምትባለው ዘግይታ ቀረች። ያኔ «አረባዊቷ» ካባውን ወርውራ ወደ መስኮቱ ሮጠችና «አየር ስጡኝ!» አለች። አሜሪካዊ አነጋገሯ ቁልጭ ብሎ።

ሰው አምኖ ነበር ወይ ብትይኝ፣ ግማሹ ያመነ ይመስለኛል። ግማሹ ደግሞ ጨዋታው ጥሞት ነው። ያም ሆነ ይህ ቤተሰቡ በ1917 የአባት ስሙን በሕግ ወደ ባራ ቀየረ። ውሸቱ መታወቂያ ላይ ወጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ። በ1914 ፍራንክ ፓወል የሚባል ዳይሬክተር «ዘ ስቴይን» በሚል ፊልም ውስጥ ትንሽ ቦታ ሰጣት። ሥራዋን ወደዳት መሰለኝ፣ ቀጥሎ ለሚሠራው ፊልም ዋና አደረጋት። ያ አንቺ ያየሽው ነው፤ «ኤ ፉል ዜር ዋዝ»፣ ትርጉሙ «አንድ ቂል ነበረ»። በጃንዋሪ 1915 ወጣ። ዕድሜዋ 29 ነበር። ለዚያ ዘመን የፊልም ጀማሪ ትንሽ የቆየ ዕድሜ ነው፤ ስቱዲዮውም ዕድሜዋን ቀንሶ ነው የሚያወራው።

ታሪኩን አይተሽዋል። ባለትዳር ዲፕሎማት በመርከብ ሲሄድ አንዲት ሴት ታጠምደዋለች። ሚስቱን፣ ልጁን፣ ሥራውን፣ መጨረሻ ላይም ራሱን ያጣል። ሴትዮዋ ስም የላትም። «ቫምፓየሯ» ብቻ ነው የምትባለው። ደም የምትመጥ አይደለችም፤ ሀብትና ክብር ነው የምትመጠው። መነሻው የእንግሊዛዊው ደራሲ የኪፕሊንግ ግጥም ነው። «ቫምፕ» የሚለው ቃል ወንድ አጥማጅ ሴት በሚል ፍቺው በየሰው አፍ የገባው በዚህች ሴትና በዚህ ፊልም ነው። ፎክስ ያኔ ሲኒማ ቤት ያለው፣ ፊልም ማከፋፈልና መሥራት የጀመረ ነጋዴ ነበር። የፎክስ ፊልም ኩባንያን ያቋቋመው ፊልሙ በወጣበት በዚያው 1915 ነው። እሷ በሳምንት 150 ዶላር ጀምራ በአራት ዓመት ውስጥ 4,000 ደረሰች።

«አልጣመኝም» ላልሽው አልቆጣም። ግን ሦስት ነገር ላስቆጥርሽ።

አንደኛ፣ ያየሽው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋን ነው። አንድን ተዋናይ በመጀመሪያ ፈተናው ብቻ ስትመዝኚ አስቢው። ካሜራው ራሱ ገና ከመድረክ ልማድ አልወጣም። ርቆ ይቆማል፣ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ተዋናዩ ለሰገነት ተመልካች እንደሚጫወት ሰው ይሠራል።

ሁለተኛ፣ እጇን ማወናጨፏ። የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ ነበር የሚዞረው። በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ምስል ያነሳል። የዛሬ ማሳያ ግን 24 ወይም 25 ያሳልፋል። አንድ ሰው ፍጥነቱን ሳያስተካክል ፊልሙን ከለቀቀው ሁሉም ሰው እንደ ተቁነጠነጠ ዶሮ ይሆናል። እኔ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። አንድ አሳዛኝ ትዕይንት በስህተት ፍጥነት ሲለቀቅ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስቃል። ፊልሙን የማጫወቻውን ፍጥነት 0.75 ላይ አድርገሽ ድጋሚ እዪው። ግማሹ ማወናጨፍ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ መርከቡ ላይ ያለውን ቦታ ተመልሰሽ እዪልኝ። የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሽጉጥ ይዞ ይመጣባታል። እሷ አትጮህም፣ አትሸሽም። በያዘችው አበባ ሽጉጡን ገፋ አድርጋ ትስቅበታለች። ሰውዬው ወዲያው ሽጉጡን ወደ ራሱ ያዞራል። እዚህ ቦታ የምትሠራው በጣም ትንሽ ነው፤ ትከሻ፣ ፈገግታ፣ አንድ አበባ። ማጋነን ብቻ የምታውቅ ተዋናይት እንደዚህ አትሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት የእብደት ሩጫ ነው። በ1915 ብቻ አሥር ፊልም ወጣላት። በ1916 ስምንት፣ በ1917 ስምንት። ከሃያ የሚበልጡትን ጄ. ጎርደን ኤድዋርድስ ነው ያዘጋጃቸው። ፎክስ እርሻ እንዳገኘ ገበሬ አላሳረፋትም።

እሷ ግን ቫምፕ ብቻ መሆን ሰልችቷት ነበር። «ጥሩ ሴት ስጡኝ» ብላ ትጨቃጨቅ ነበር። አንዳንዴ ተሳካላት። በ1916 «ኢስት ሊን» ላይ ተታላ ከቤቷ የወጣች፣ ከዚያ በኋላ መልኳን ለውጣ የገዛ ልጆቿ ሞግዚት ሆና የምትመለስ እናት ሆነች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጁልየትን ተጫወተች። በ31 ዓመቷ! ሜትሮ የሚባለው ተቀናቃኝ ኩባንያም በዚያው ወር የራሱን «ሮሚዮና ጁልየት» አወጣ። ሁለቱም ዛሬ የሉም። በ1918 «ዘ ሶል ኦፍ ቡድሃ» ለተባለው ፊልም ታሪኩን ራሷ ጻፈች። እሱም የለም።

የ1917ቱ «ክሊዮፓትራ» የሙያዋ ጫፍ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ በካሊፎርኒያ ትልቅ ከተማ ተሠርቶ የተቀረጸ፣ ለዚያ ዘመን ጉድ የተባለ ወጪ የወጣበት። ልብሶቿ፣ ልብስ ከተባሉ፣ ቺካጎ ላይ ሳንሱሮችን አስደነገጡ። በየጎግሉ የምታያቸው እነዚያ የእባብ ጌጥ የለበሰችባቸው ፎቶዎች ከዚህ ፊልም ናቸው። ፎቶው ሞልቷል። ፊልሙ ግን ሴኮንዶች ብቻ ነው የቀረው።

ታዲያ ለምን ወደቀች? አንድ ምክንያት አልሰጥሽም፤ ተደራርቦ ነው። አንድን ዓይነት ገጸ ባሕርይ በአምስት ዓመት ሠላሳ ጊዜ ብትበዪው ሕዝብ ይጠግባል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልቆ የሰው ምርጫ ተለወጠ። አፅም አጠገብ የምትተኛ ሴት ማስፈራቷ ቀርቶ ማሳቅ ጀመረች። በ1919 «ካትሊን ማቮርኒን» ላይ የአየርላንድ ገጠር ልጅ ሆና ስትወጣ የአየርላንድ ተወላጆች ተቆጡ፣ በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶችም ረብሻ ተነሳ። በዚያው ዓመት ከፎክስ ጋር የነበራት ኮንትራት አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ብሮድዌይ ላይ «ዘ ብሉ ፍሌም» የሚል ተውኔት ሠራች። ሃያሲዎቹ ተሳለቁበት፤ ሰዉ ግን እሷን ለማየት ተሰለፈ። በ1921 የዚያ የአየርላንዱ ፊልም ዳይሬክተር የነበረውን እንግሊዛዊ ቻርልስ ብራቢንን አገባች። በ1925 አንድ ፊልም ሞከረች። በ1926 ሃል ሮች ስቱዲዮ ገብታ በራሷ ስም ላይ የምትቀልድበት አጭር ኮሜዲ ሠራች። ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ስታን ሎሬል ነው፤ ኦሊቨር ሃርዲም ይተውንበታል፤ ሁለቱ ገና የታወቁት የኮሜዲ ጥንድ ሳይሆኑ። ከዚያ በቃ። በ1955 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በ69 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ፊልሞቹ የት ገቡ?

ተቃጠሉ። ጁላይ 9 ቀን 1937፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በተባለች ቦታ የነበረው የፎክስ የፊልም መጋዘን በሌሊት ነደደ። ከ40,000 በላይ ጥቅልል ፊልም አለቀ። የአካባቢው አንድ ታዳጊ ሞተ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። እሳት የለኮሰ ሰው አልነበረም። ኃይለኛ የሙቀት ወቅት ነበር፤ መጋዘኑ በቂ አየር ማስወጫ አልነበረውም፤ ፊልሙ ራሱ ተነሳ።

እንዴት ራሱ ይነሳል? የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ሴሉሎስ ነው። ለፈንጂ ከሚውል ጥጥ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሲነድ የራሱን ኦክስጅን ስለሚያመነጭ ውኃ ውስጥ ብትነክሪው እንኳ አይጠፋም። ባይነድም ይበሰብሳል። መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ እንደ ማር ይጣበቃል፣ አረፋ ያወጣል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ጎረቤት ያለውን ጥቅልል ያበሰብሳል፣ ሙቀትም ይፈጥራል። እኔ አንድ ቀን ቆርቆሮ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀኝ። ውስጡ ፊልም የለም፤ የተፈጨ በርበሬ የሚመስል ነገር ብቻ። ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ግን እሳቱን ብቻ አትክሰሺ። ከእሳቱ በፊት ጥፋቱ ተጀምሮ ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ድምፅ አልባ ፊልም ዋጋ የለውም ተባለ። ማስቀመጫው ወጪ ነው፣ አደጋ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ደግሞ ይሸጣል። ብዙ ኩባንያዎች ሆን ብለው ፊልሞቻቸውን እያቃጠሉ ብሩን ለቀሙ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ቅርጻቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ጽሑፍሽ ውስጥ ብታስገቢው ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የቻፕሊንና የፒክፎርድ ፊልሞች ለምን ተረፉ? ከቴዳ ይበልጣሉ ተብሎ ተመርጦ አይደለም። ሁለቱ በ1919 ከተዋናዩ ዳግላስ ፌርባንክስና ከዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ጋር ሆነው ዩናይትድ አርቲስትስ የሚባል የፊልም ኩባንያ አቋቋሙ። የፊልማቸው ባለቤት ሆኑ፤ የራሱ የሆነውን ንብረት ሰው ይጠብቃል። ቴዳ በዚያው በ1919 ከፎክስ ስትወጣ ደመወዟን ይዛ ነው የወጣችው። ፊልሞቹ የሰውዬው ናቸው።

በጣም ጥሩ ማነጻጸሪያ «ካርመን» ነው። በ1915 መገባደጃ ላይ ሁለት «ካርመን» በአንድ ሰሞን ወጣ። አንዱ የፎክስ፣ በራውል ዋልሽ ዳይሬክተርነት፣ ቴዳ ባራ የምትተውንበት። ሌላው የዳይሬክተሩ የሴሲል ደሚል፣ የኦፔራ ዘፋኟ ጄራልዲን ፋራር የምትተውንበት። ደሚል የፊልሞቹን ኮፒ ለራሱ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ዛሬ የፋራርን ካርመን ቁጭ ብለሽ ማየት ትችያለሽ። የቴዳን አትችዪም። ታዲያ የትኛዋ ትበልጣለች ብሎ የሚከራከር ሰው ባገኝ እስቃለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ለእኛ የምታስቆጭ አንዲት አለች። ፎክስ ቴዳ ከሄደች በኋላ በ1921 በዚያው በኤድዋርድስ ዳይሬክተርነት «ንግሥተ ሳባ»ን ሠራ። ቤቲ ብላይዝ የምትባል ተዋናይት ነበረች ሳባ። የእኛን ማክዳ ሆሊውድ እንዴት አድርጎ እንደሳላት ለማየት እጄን እሰጥ ነበር። እሱም ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቷል።

የቀረውን ልንገርሽ። ከወደ አርባዎቹ ሙሉ በሙሉ የተረፉት ስድስት ያህል ናቸው፤ ያውም «ዘ ስቴይን»ንና መጨረሻ ላይ የታየችባቸውን አጫጭር ኮሜዲዎች ቆጥረን። ከፎክስ ዘመኗ ያሉት አንቺ ያየሽውና «ኢስት ሊን» ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከ1918ቱ «ሰሎሜ» ሁለት ደቂቃ ገደማ ስፔን፣ ማድሪድ ባለው የፊልም ማኅደር ተገኘ። በ2023 የ«ክሊዮፓትራ» ተጨማሪ ሴኮንዶች ወጡ። ስፔን ምን አገባት እንዳትዪኝ። የዚያን ጊዜ ኮፒ ወደ ውጭ አገር ከተላከ በኋላ መልሶ ማምጣቱ ከፊልሙ ዋጋ በላይ ስለሚያወጣ እዚያው ይቀር ነበር። ስለዚህ እኛ የሙያው ሰዎች ተስፋ የምናደርገው በሰው አገር ምድር ቤት ነው።

ጽሑፍሽን በተመለከተ፣ «ደካማ ተዋናይት ነበረች» ብለሽ አትጻፊ። «ታላቅ ነበረች» ብለሽም አትጻፊ። ሁለቱንም ለማለት ማስረጃው በእጃችን የለም። መጀመሪያ «ኢስት ሊን»ን ፈልጊና እዪው። ያው ሴትዮ ያለ እባብና ያለ አፅም ምን እንደምትሠራ ታያለሽ። ቀጥሎ የ1915ቱን በትክክለኛው ፍጥነት ድገሚው። የቅጂ መብቱ ስላለቀ በነፃ ይገኛል፤ በ2015ም በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። ከዚያ የክሊዮፓትራን ፎቶዎች በተርታ ደርድሪና የትዕይንቱን ስሜት በፊቷ ብቻ ለማንበብ ሞክሪ። ረቂቁ ሲያልቅ ላኪልኝ፤ ዓመቶቹንና የፊልሞቹን ስም አይልሻለሁ።